«መርፌ አስጀምርዎታለሁ!»

ሰሞኑን ተመላላሽ ክፍል የገቡት አባት ከሦስት ወር በፊት የታዘዘላቸውን ኢንሱሊን ከነካርቶኑ በፌስታል ይዘው መጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። አንዱም ብልቃጥ አልተከፈተም። የሦስት ወር የስኳር አማካያቸው 13 በመቶ ነው፤ ክኒኖቻቸው፣ ሜትፎርሚኑም ግሊቤንክላማይዱም፣ ከዚህ በላይ አይጨመሩም፤ ከስተው ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ሰፍቷል። «ክኒኑን ይጨምሩልኝ እንጂ መርፌውስ ይቅርብኝ ዶክተር። ወንድሜ እሱን በጀመረ በዓመቱ ነው እግሩ የተቆረጠው» አሉኝ።

ይህን ወንድም በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። አንዳንዴ ዓይኗ የጠፋ እናት ናት፣ አንዳንዴ ኩላሊት እጥበት የጀመረ ጎረቤት። የሚሉት ሁሉ ደርሷል፤ የተከሰሰው ግን ሌላ ነው። ነርቩንና የደም ሥሩን የበላው ለዓመታት ከፍ ብሎ የኖረው ስኳር ነው፤ ኢንሱሊኑ የመጣው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። የንስሐ አባቱ በተጠሩ ማግስት ያረፈ በሽተኛ ስንት አለ፤ ቄሱ ገደሉት ሲባል ግን አልሰማሁም።

የሚያናድደኝ ፍርሃቱን የምንዘራው እኛው ባለሙያዎች መሆናችን ነው። «ክኒንዎን በትክክል ካልዋጡ መርፌ አስጀምርዎታለሁ!» የሚል ዛቻ ዛሬም ከባልደረቦቼ አፍ ይወጣል። ለዓመታት ማስፈራሪያ ያደረግነውን ነገር አንድ ጠዋት ተነስተን መድኃኒት ነው ብንል ማን ያምነናል? ዩኬፒዲኤስ የተባለው የእንግሊዞች ጥናት እንዳሳየው፣ ዓይነት ሁለት ስኳር ገና ሲታወቅ ኢንሱሊን የሚያመነጨው የቆሽት አቅም በግማሽ ገደማ ወርዷል፤ ከዚያም እየቀነሰ ይሄዳል። እንጀራውን ለክቶ የበላ፣ ክኒኑን አንድ ቀን ያልሳተ ሰውም መርፌ ሊያስፈልገው ይችላል። ምን አጠፋ?

መርፌ «የመጨረሻ ደረጃ» ነው ለሚሉኝ ሊዮናርድ ቶምፕሰንን አነሳላቸዋለሁ። በጥር 1922 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን ሲወጋ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ያኔ የነበረው ሕክምና ምግብ መከልከል ስለነበር አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከመርፌው በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

«ፍሪጅ የለኝም» የሚለኝን ግን ቁጭ ብዬ አዋየዋለሁ። ብልቃጡን ውሃ እንዳይነካው በላስቲክ ቋጥሮ ውሃ ባለበት ሸክላ ማሰሮ ውስጥ ማኖር ብዙ ቤት አግዟል፤ በአገልግሎት ላይ ያለው ብልቃጥም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካላለፈ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል። «የመለኪያውን ስትሪፕ መግዛት አልቻልኩም» የሚለው ከዚህ ይከብዳል። ስኳር ድንገት ሲወርድ ይገድላል፤ ሳይለኩ መጠን ጨምሩ ብዬ ለማንም አልጽፍም።