መልእክቱ እውነት ይዘላል?

እሾህ እግርን ሲወጋ ሕመሙ ሁለት ጊዜ ይመጣል። መጀመሪያ ስል ውጋት፣ ከአፍታ በኋላ ደግሞ የሚያቃጥልና ቦታው በውል የማይለይ ሕመም። እሾሁ አንድ ነው፤ መንገዱ ግን ሁለት። የመጀመሪያውን የሚያደርሱት ማይሊን የተባለውን ቅባታማ ሽፋን በስሱ የለበሱ የነርቭ ክሮች ሲሆኑ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛሉ። ሁለተኛው የሚመጣው በሰከንድ ከ2 ሜትር በማያልፉት እርቃን ክሮች ነው። ሽፋናቸው የወፈረ ክሮችማ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይከንፋሉ። ለዚህ ልዩነት የመማሪያ መጻሕፍት መልስ አጭር ነው፦ መልእክቱ በሽፋኑ ላይ ይዘላል። ለማስታወስ የሚመች ቃል ነው፤ እንዳለ ከተወሰደ ግን ያሳስታል።

የነርቭ መልእክት በመዳብ ሽቦ ውስጥ እንደሚሄድ ኤሌክትሪክ አይደለም። በክሩ ቆዳ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ሲከፈቱ ሶዲየም ከውጭ ይገባል፤ የገባው ቻርጅ ቀጣዮቹን በሮች ያስከፍታል። እርቃን ክር ላይ ይህ ሥራ ጋት በጋት ይደገማል፤ ስስ ቆዳው ብዙ ቻርጅ ስለሚይዝና ስለሚያፈስ ጊዜ ይበላል። ማይሊን ግን በክሩ ዙሪያ ደጋግሞ ተጠቅልሎ ፍሳሹን ይዘጋል፤ የውስጡንና የውጩን ቻርጅም ስለሚያራርቅ ጥቂት ቻርጅ ብቻ ይበቃል። ሽፋኑ እንደ ሸንበቆ አንጓ አለው። ፈረንሳዊው ሉዊ ራንቪየር በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የገለጻቸው እነዚህ አንጓዎች ስፋታቸው ከ1 እስከ 2 ማይክሮ ሜትር ነው፤ በወፍራም ክር ላይ አንዱ ከሌላው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። የሶዲየም በሮች የታጨቁትም እዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ ሃክስሊና ሽቴምፕፍሊ በ1949 (እ.ኤ.አ.) በእንቁራሪት ነርቭ እንዳሳዩት፣ መልእክቱን የሚያድሰው ወደ ውስጥ የሚገባ ጅረት በአንጓዎቹ ላይ ብቻ ይታያል። የ"ዝላይ" ደጋፊዎች እዚህ ድረስ ልክ ናቸው።

አሁን እናስላ። ፍጥነቱ በሰከንድ 100 ሜትር ቢሆን፣ 1 ሚሊ ሜትር ለማለፍ የሚፈጀው የሚሊ ሰከንድ አንድ መቶኛ ነው። አንድ አንጓ ግን ከተቀሰቀሰ በኋላ ግማሽ ሚሊ ሰከንድ ያህል ሥራ ላይ ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያው አንጓ ሥራውን ሳይጨርስ ሌሎች 50 ያህል ተነሥተዋል፤ መልእክቱ በአንድ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል ማለት ነው። ዘላይ ግን ሁለት ድንጋይ ላይ በአንድ ጊዜ አይቆምም። ይህ ይልቅ የሠርግ ቤት እልልታን ይመስላል፦ አንዷ ሳትጨርስ ሌላዋ ትቀበላለች፣ ደጃፍ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ድምፅ አንድ ላይ ይሰማል።

እንዲህ ከሆነ ክሩ ለምን ያለ አንጓ እስከ ጫፉ አይሸፈንም? ጅረቱ እየራቀ ሲሄድ ስለሚደክምና መታደስ ስላለበት ነው። ጃፓናዊው ኢቺጂ ታሳኪ አንጓዎችን በማደንዘዣ ሲያፈዝ መልእክቱ አንድ ወይም ሁለት የፈዘዙትን አልፎ ሄደ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻለም። ታዲያ ክሩን ማወፈር አይበቃም ነበር? ስኩዊድ የተባለው የባሕር እንስሳ ያለው ግዙፍ እርቃን ክር ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ ነው። የእኛ ሽፋን ያለው ክር በ20 ማይክሮ ሜትር ውፍረት ከአራት እጥፍ በላይ ይቀድመዋል።

መልቲፕል ስክለሮሲስ በተባለው በሽታ ሽፋኑ ሲላጥ ክሩ ወደ እርቃን ክር አይለወጥም፤ በተላጠው ቦታ በቂ በር የለምና ጅረቱ ፈስሶ ይደክማል፣ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቆማል። ሰውነት ሲሞቅ በሮቹ ፈጥነው ስለሚዘጉ የተረፈችው ትርፍ ጅረትም ታንሳለች። የዐይን ነርቩ የተጎዳ ታማሚ ሙቅ ውሃ ከታጠበ በኋላ እይታው ሊደበዝዝ፣ ሲቀዘቅዝም ሊመለስለት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።