ጣራው ተለወጠ፤ ወለሉስ?

በብዙ የገጠር ቀበሌዎች የሣር ክዳን በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ግድግዳው ተመርጎ፣ አንዳንዱም በኖራ ተለቅልቆ ይታያል። በሩን አልፎ የገባ ሰው ግን እግሩ የሚያርፈው አያት ቅድመ አያት በረገጠው አፈር ላይ ነው። ስለ ቤት መሻሻል ሪፖርት ሲቀርብ ስንት ቤት ቆርቆሮ እንደለበሰና ስንት መጸዳጃ እንደተቆፈረ ይቆጠራል፤ ወለል ግን ብዙ ጊዜ ቆጣሪ የለውም።

ነገሩ ቀላል ሆኖ አይደለም። ሕፃን የሚድኸው በወለል ላይ ነው፤ ገበታ የሚቀርበውም እዚያው ነው። ሙጀሌ የሚራባው በደረቅና በላላ አፈር ውስጥ ሲሆን፣ የቤት አቧራ ይመቸዋል። ሴቷ ሙጀሌ ከዚያ ተነሥታ በእግር ጣት ቆዳ ውስጥ ትቀበራለች። የወስፋት እንቁላልም ከዐይነ ምድር ጋር ወጥቶ በሽታ ለማምጣት የሚበቃው በአፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ከቆየ በኋላ ነው። እጁን አፈር ላይ አሽቶ ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ ከዚያ አያመልጥም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ቀይ አፈር ባለባቸው ደጋማ ቦታዎች ደግሞ፣ በባዶ እግር ለዓመታት ከአፈር ጋር መነካካት የዝሆኔን በሽታ ያስከትላል። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን በሽታ ለመከላከል ጫማ ማድረግና እግርን መታጠብ እንደሚያስፈልግ ሲመክር፣ የቤትን ወለል መሸፈንንም አብሮ ይጠቅሳል።

ወለልን መለወጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም የታየው በሜክሲኮ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2000 ኮዋዊላ በተባለው ክፍለ ግዛት መንግሥት የአፈር ወለል ላላቸው ድሆች እስከ 50 ካሬ ሜትር የሚደርስ የሲሚንቶ ወለል ሰጥቶ ነበር። በኋላ ተመራማሪዎች እነዚህን ቤተሰቦች ወለል ካልተሰጣቸው አጎራባች ከተሞች ቤተሰቦች ጋር አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። የአፈሩ ወለል ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ በሕፃናት ላይ የሆድ ትላትል በ78 በመቶ፣ ተቅማጥ በ49 በመቶ፣ የደም ማነስ በ81 በመቶ እንደሚቀንስ አስልተዋል። ከአንድ ወለል ይህን ያህል መጠበቅ ለብዙ ሰው የሚከብድ ነው።

የገጠር እናቶች የአቧራን ጉዳት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ወለሉን በእበት የሚለቀልቁት አቧራውን ለመያዝ ነው፤ በእበት ውስጥ ያለው የሣር ጭረት አፈሩን አያይዞ ለጊዜው ያጠነክረዋል። ዳሩ ግን ሥራው ቶሎ ቶሎ የሚደገም ነው፤ ሸክሙም የሚወድቀው በሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ነው። ትኩስ እበት ዝንብ ይጠራል። የመንጋጋ ቆልፍ ተዋሲያንም በእበትና በአፈር ውስጥ ስለሚገኙ፣ እትብቱ ገና ላልደረቀ አራስ ሕፃን ያሰጋል። ማሳ ላይ ሊወድቅ ይገባው የነበረ ማዳበሪያም ቤት ውስጥ ይቀራል።

ሲሚንቶ ጥሩ ወለል መሆኑ አይካድም። አቅሙ ያለው ገበሬ ቢያሠራ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ዋጋውና የማጓጓዣው ወጪ ከመኪና መንገድ ለራቀ ቤተሰብ ከባድ ነው፤ አንድ ቶን ሲሚንቶ ሲመረትም ከግማሽ ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። ከሁሉም የሚያሳዝነው በቁጠባ ስም በደንብ ባልተጠቀጠቀ አፈር ላይ ስስ አድርጎ ለስኖ በማግስቱ መተው ነው። ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ያልጠጣ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ አቧራው ይመለሳል፤ ገንዘቡ ግን አይመለስም። ከገበያ የሚመጣው የፕላስቲክ ምንጣፍም ቢሆን በእርጥብ አፈር ላይ ሲነጠፍ ሥሩ ይሻግታል፤ የእሳት ፍንጣሪ በሚወድቅበት ቤትም ሲቃጠል ጭሱ መርዛም ነው።

በርዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ ወዲህ ሌላ መንገድ ተይዟል። የአካባቢው ጠጠርና አፈር በደረጃ ተጠቅጥቆ፣ ላዩ ከተለሰነ በኋላ ከተልባ ዘይት በተሠራ ቅብ ይታሸጋል። ይህ ወሬ የኢትዮጵያን ገበሬ በተለይ ሊያነቃው ይገባል፤ ተልባ በአርሲ፣ በባሌ፣ በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎና በሸዋ ደጋ ሲዘራ የኖረ ነውና። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ የሚደርቅ አይደለም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ራሱ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል። የኑግ ዘይት በዚህ ረገድ የዘገየ ነው። እርግጥ ከላይ የተጠቀሰው የሜክሲኮ ቁጥር የሲሚንቶ ወለል ቁጥር ስለሆነ ለዘይቱ ወለል እንዳለ አይሰጥም። ሆኖም ጥቅሙ የሚመጣው ወለሉ ጠንካራ፣ ደረቅና የሚታጠብ በመሆኑ ነው፤ በሚገባ የተሠራ የዘይት ወለልም ይህን ያሟላል።

ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከሥር ነው። ወለሉ ከግቢው መሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ በቤቱ ዙሪያም የዝናብ ውኃ የሚወስድ ቦይ ይቆፈራል። ዋልካ አፈር በዝናብ አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ካለም ተዝቆ ይወጣል። መጀመሪያ ድንጋይና ጠጠር ይነጠፋል፤ ይህም እርጥበት ከመሬት ወደ ላይ እንዳይሳብ ያግዳል። በላዩ ቀይ አፈር በስሱ እየተደለደለና ጥቂት ውኃ እየተርከፈከፈበት ይጠቀጠቃል። ለመጨረሻው ልስን የተነፋ ሸክላ አፈርና አሸዋ ይቀላቀላል። መጠኑ እንደ አፈሩ ስለሚለያይ ከሁሉ በፊት ሁለት ሦስት ዓይነት ድብልቅ በትንሽ ቦታ ላይ ተለስኖ ይሞከር። ደርቆ የተሰነጠቀው ሸክላ በዝቶበታል፤ በጣት ሲታሽ የሚረግፈው አሸዋ በዝቶበታል።

ዘይቱ የሚቀባው ልስኑ ፈጽሞ ሲደርቅ ብቻ ነው። እርጥበት የያዘ ወለል ላይ የተቀባ ዘይት ይላጣል። አፈሩ እስኪጠግብ በስሱ ደጋግሞ መቀባት፣ በየመካከሉም እስኪደርቅ መታገሥ ያስፈልጋል። ምድጃው ዙሪያና እንስራው የሚቀመጥበት ቦታ ግን በጠፍጣፋ ድንጋይ ቢነጠፍ ይሻላል። ከብት ከሰው ጋር በሚያድርበት ቤት ይህ ወለል አይቆይም፤ ስለሆነም በረቱ አስቀድሞ ይለይ።

ቤተሰቡ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሥራት የለበትም። ልጆች ከሚተኙበት ክፍል ቢጀመር ትልቁ ጥቅም ይገኛል። ድንጋይ ማመላለሱና መጠቅጠቁ የደቦ ሥራ ነው። ዘይቱን በተመለከተ፣ የተልባ ፍሬ ከክብደቱ ሲሶ የሚሆነው ዘይት ስለሆነ፣ አባላት ከየቤታቸው የሚያዋጡትን ተልባ ማኅበሩ ሰብስቦ በከተማ መጭመቂያ ቢያስጨምቅ ለእያንዳንዱ ይቀላል። ለጾም የሚሆነው ተልባ ግን ከወለሉ በፊት ይቀመጥ፤ ይህን እናቶች ሳይነገራቸውም ያውቁታል። ናሙናው በሊቀ መንበሩ ቤት ቢሠራም ባልከፋ፤ ከተሰነጠቀ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው።

ጊዜው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ነው። በቅቡ ቀን መስኮትና በር ተከፍቶ ይዋል፤ ልጆችም ሽፋኑ እስኪጠነክር ሌላ ቦታ ይደሩ። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨባብጦ ከተጣለ ራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ከቤት ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውኃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ይነከር።