ጠዋት አልነሳ ያለ ናፍጣ መኪና፦ ማሞቂያ ካንዴላን ቤት ውስጥ መፈተሽ



የሴሚስተር እረፍት እየደረሰ ነው። ግቢው ውስጥ ናፍጣ መኪና የቆመበት ቤት የምትገቡ ታውቁታላችሁ፤ መኪናው ጠዋት እምቢ ሲል «አንተ ዩኒቨርሲቲ ነህ፣ እስቲ እየው» መባል አይቀርም። እኛም ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚያ ሰዓት ነው።

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐሙስ የገበያ ቀን መኪናው ቢዘገይ ጭነት ይዘገያል፣ ሰው ይቆጣል፣ ያልፋል። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ወደ ጂንካ ሆስፒታል ስትወሰድ ግን ያው ችግር ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ምልክቱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር እሳት የሚረጭ ካንዴላ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 እ.ኤ.አ. አውግስበርግ ውስጥ ያሳየው ሞተር ከዚያ ጀምሮ የሚሠራው በአንድ መንገድ ነው፤ አየሩ በኃይል ሲታመቅ ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። በአካባቢያችን በብዛት የምናየው ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ላይ ያለው ባለ 6 ሲሊንደር 1ኤችዜድ ሞተር አየሩን ከ22 እጥፍ በላይ ያምቃል። ነገር ግን ናፍጣው መጀመሪያ የሚረጨው ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የዚያች ክፍል ግድግዳ ሙቀቱን ይመጠዋል። ማሞቂያ ካንዴላ እዚያ ገብቶ ጫፉ እስኪቀላ የሚግለው ለዚህ ነው። መለዋወጫ ሱቅ «ግሎ ፕላግ» ብትሉ ይገባቸዋል።

«እኛ ጋ ብርድ የለም፣ ማሞቂያ ለደብረ ብርሃን ነው» የሚሉ አሉ። ለብዙ አዳዲስ ሞተሮች ነገሩ እውነትነት አለው። እንዲህ ዓይነት ትንሽ ክፍል ያላቸው የቆዩ ሞተሮች ግን ብርድ ሳይኖርም ማሞቂያውን ይፈልጋሉ። ወይጦ ቆላ ላይ እኩለ ቀን በአንድ ቁልፍ የሚነሳው መኪና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ቀይ አፈር ፈጅር ሰዓት ላይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ሰው ያን ጊዜ ናፍጣውን፣ ፖምፓውን፣ አንዳንዴም የሰው ዓይንን ይወቅሳል።

ምልክቱ ይህ ነው። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይይዝም፤ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስና ያልነደደ ናፍጣ ሽታ ይወጣል። ሲይዝም ለጥቂት ደቂቃ ይንቀጠቀጥና ይስተካከላል። ሞተሪኖው እያቃሰተ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪውንና ገመዶቹን እዩ። ሞተሩ ሞቆም የሚያስቸግር ከሆነ ማሞቂያውን ተዉት፤ አየር የሚያስገባ የናፍጣ ቱቦ ወይም የደከመ ሞተር ሊሆን ይችላል። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የጥቅል ሽቦ ምልክት ደግሞ ምስክር አይሆንም። ብዙ መኪና ላይ እሱ ሰዓት ቆጣሪ ብቻ ነው፤ ስድስቱም ሞተው ይበራል፣ ይጠፋል።

ፍተሻው የሚያስፈልገው መልቲሜትር ነው። ከሌለ ሁለት ሽቦ የተበየደበት የፍሬቻ አምፖል ይበቃል። መኪናው ሁለት ባትሪ ካለው ግን 24 ቮልት መሆን አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከሆነ አምፖሉም የ24 መሆን አለበት።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ማርሹ ባዶ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ኦን ላይ ያድርግ፣ አያስነሳ። እናንተ ማሞቂያዎቹን በአናታቸው የሚያያይዘው ቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን ለኩ። ካልደረሰ ጥፋቱ ከማሞቂያዎቹ በፊት ነው፦ ትልቁ ፊውዝ ወይም ሪሌይ። ከደረሰ ቁልፉን አጥፉና ወደ እያንዳንዱ ማሞቂያ እለፉ።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ሳይነሳ አንዱን ማሞቂያ ብትለኩ የምትለኩት ስድስቱን በአንድነት ነው፤ ጎን ለጎን ስለተያያዙ የሞተው በሕያዋኑ ጀርባ ይደበቃል። የፊዚክስ ኮርሱን አስታውሱ፦ እያንዳንዱ 1 ኦም ቢሆን ስድስቱ ባንድ ላይ 0.17 ኦም ገደማ ናቸው፣ ሦስቱ ቢሞቱ 0.33። ይህን ልዩነት ርካሽ መልቲሜትር አይለይላችሁም። ስለዚህ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ፣ ትንንሾቹን ዳዶዎች አውጡ (ሞተሩ ውስጥ እንዳይወድቁ ጨርቅ አንጥፉ)፣ ዘንጉን አንሱ።

አሁን የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አነካክታችሁ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙ፤ ከልኬቱ ላይ ይቀነሳል። ከዚያ አንዱን ጫፍ የማሞቂያው አናት ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ። ደህና ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 2 ኦም ያሳያል። ምንም ካላነበበ ውስጡ ተበጥሷል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ስድስቱን እርስ በርስ አስተያዩ፤ ከጓደኞቹ የተለየው ተጠርጣሪ ነው። በአምፖል ከሆነ ኔጌቲቩን መልሳችሁ እሰሩ፣ አንዱን ሽቦ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላውን ማሞቂያው አናት ላይ አስነኩ፤ ካልበራ ሞቷል። አምፖሉ መበጠሱን እንጂ መድከሙን አይነግራችሁም።

ማሞቂያውን ማውጣት ሌላ ሥራ ነው። ሞተሩ ለብ ሲል፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት አድርጋችሁ ጠብቃችሁ፣ በረጅም ቡሶላ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ከጠነከረ ተዉት። ውስጥ የተሰበረ ማሞቂያ ቴስታታ እስከማስወረድ ሊያደርስ ይችላል፤ ለመካኒክ መስጠት ይረክሳል። የወጣውን በቀጥታ ከባትሪ አገናኝቶ ሲቀላ ማየት ደስ ይላል፣ ግን አካሉ ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳታነቡ አታድርጉት፤ በ5 ቮልት የሚሠራ አዲስ ዓይነት በ12 ወዲያው ይቃጠላል። በሞርሳ እሰሩት እንጂ በእጅ አትያዙት።

በነገራችን ላይ፣ ሥራው ሰላት ሰዓት ላይ ካበቃ ግሪሱን በኦሞ በደንብ እሹት፤ ውሃ ከቆዳ እንዳይደርስ የሚያደርግ ሽፋን ከውዱእ በፊት መነሳት አለበት።

አጥብቀን የምንከለክለው አንድ ነገር አለ። አየር ማጣሪያው አፍ ላይ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ መያዝ ወይም ኤተር መንፋት መንገድ ዳር የተለመደ ነው። ማሞቂያዎቹ ከሚሠሩት አንዱ እንኳ ግሎ ከሆነ እሳቱ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይነሳል፤ ፒስተን ይሰብራል፣ በአየር ማስገቢያው ተመልሶ ወጥቶ ፊት ያቃጥላል። ከዚያ ይልቅ መኪናውን ቁልቁለት ላይ አቁሞ ማደር ይሻላል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ እስከገባ ድረስ።

አዲስ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቮልቱና ርዝመቱ ካልገጠመ አይሆንም። አንዱ ብቻ ሞቶ ሌሎቹ ተቀራራቢ ቁጥር ካሳዩ አንዱን ለውጡ። ሁለት ሦስት ከሞቱ ግን ቀሪዎቹም በአንድ ዘመን የገቡ ናቸውና አቅም ካለ ስድስቱን ባንዴ መለወጥ ሁለተኛ ድካም ያድናል።