ጊች፤ ውሃ የቀረጸው ምድር

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የአፍሪካ መሬት አብዛኛው የሚገኘው በአገራችን ነው፤ ከደባርቅ በስተምሥራቅ ያለው ጊችም ከዚሁ ውስጥ ይቆጠራል።

ኪሊማንጃሮ ለብቻው የተከመረ እሳተ ገሞራ ነው። ስሜንን ግን ያሳመረው ከመከመሩ ይልቅ መቦርቦሩ ነው። ይኸውም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ አንዱ ባንዱ ላይ እየረጋ ወፍራም ንብርብር ሆነ። በኋላም ምድሩ ከፍ እያለ ሲሄድ ዝናቡና ወንዙ ቆራርጠው ገደልና ጫፍ አወጡለት። እሜት ጎጎ (3,926 ሜትር) ላይ ቆሞ ቁልቁል የተመለከተ ሰው ድርቡን በመሶብ እንዳለ እንጀራ ለይቶ ያየዋል። የጅንባር ወንዝም 500 ሜትር ያህል ወደ ገደሉ ይወረወራል፤ ማየቱ ራስ ያዞራል!

ነገር ግን ውሃ የሚወስደው ድንጋይ ብቻ አይደለም። በ3,600 ሜትር ግድም ይኖሩ የነበሩት የጊች ገበሬዎች በተዳፋቱ ላይ ገብስ ይዘሩ ነበር፤ በየክረምቱም የታረሰው ጥቁር አፈር ቁልቁል ይታጠብ ነበር። ድንጋዩን ለመቁረጥ ሚሊዮን ዓመታት የፈጀው ጎርፍ፣ አፈሩን በአንድ ሰው ዕድሜ ሊጨርሰው ይችላል። በ2008 ዓ.ም. ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። ካባቶች ርስት መነሣት ቀላል ነገር አይደለም። የቀድሞው እርሻ ግን መልሶ ሣር ለብሷል፤ ጭላዳም ይግጥበታል።