ከፎገራ ሜዳ እስከ ዓባይ በረሃ፦ መኪና መንዳትና መኪና መያዝ ለጀማሪ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ለሚነዳ ጀማሪ መንገዱ ሁለት ፈተና አለው። ከሐሙሲት እስከ ወረታ፣ ከወረታም በይፋግ በኩል እስከ አዲስ ዘመን ያለው በአመዛኙ ሜዳ ነው፤ ጉማራና ርብ በክረምት የሚያጥለቀልቁት፣ ግራ ቀኙ የሩዝ ማሳ የሆነ የፎገራ ሜዳ። ከአዲስ ዘመን በኋላ አስፋልቱ ወደ ተራራው ይወጣና መጠማዘዝ ይጀምራል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ኩርባውን ነው። እኔ ግን ጀማሪን ይበልጥ የሚያታልለው ሜዳው ነው ባይ ነኝ። ኩርባ ላይ ፍርሃቱ ራሱ እግርን ይይዛል። ሜዳ ላይ ግን መንገዱ ቀጥ ስላለ ብቻ ፍጥነቱ ሳይታወቅ ይጨምራል፤ ከዚያ ከማሳ የሚመለስ በሬ፣ ገበያ የሚሄድ አህያ ወይም ሳያስጠነቅቅ የቆመ ባጃጅ ከፊት ይገጥማል። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዘመን ሲራራ ነጋዴ የሚሰባሰብባት ስመ ጥር ገበያ ነበረች፤ ዛሬም በዚያ መስመር መንገዱ የመኪና ብቻ አይደለም።

የላቀ የአነዳድ ጥበብ ሲባል ወጣቱ ቶሎ የሚታየው ጎማ ማጮህና ሌላውን ቀድሞ መሄድ ነው። ሙያው የተወለደው በእሽቅድምድም መሆኑ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የሚሌ ሚሊያን ውድድር ያሸነፈው ጣሊያናዊው ፒዬሮ ታሩፊ መሐንዲስ ነበርና፣ ኩርባ እንዴት እንደሚያዝ በስሌት የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፎ ትቶልናል። ወደ እኛ የሚቀርበው ግን የጎረቤታችን ታሪክ ነው። የምሥራቅ አፍሪካው ሳፋሪ ራሊ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1953 ሲሆን መንገዱ አቧራ፣ ጭቃና ጎርፍ ነበር፤ ከእሽቅድምድም ሜዳ ይልቅ የኛን የገጠር መንገድ ይመስላል። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሸነፈው በአሮጌ፣ ሁለተኛ እጅ ቮልቮ ነው። ሰውየው ሥራ የጀመረው በአባቱ ጋራዥ በመካኒክነት ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1974 እና በ1976ም ደግሟል። አነዳድና ጥገና አንድ ሙያ እንደሆኑ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

የጥበቡ መሠረት ጎማ ነው። አንድ መኪና መሬት የሚነካው በአራት ቦታ ሲሆን እያንዳንዱ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። ማቆም፣ መታጠፍና መፍጠን ሁሉ ከዚያችው ቁራጭ ላስቲክ ይወጣል፤ ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው ይቀነሳል። መሪ አዙሮ ሳለ ፍሬን በኃይል የሚረግጥ አሽከርካሪ ጎማውን ሁለት ሥራ በአንዴ ያዝዘዋል፤ ጎማው ሁለቱንም እምቢ ሊለው ይችላል። በተጨማሪም ፍሬን ሲረገጥ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። ሚኒባስ ላይ ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሹፌሩ ኩርባ መሃል ፍሬን ሲነካ የኋላው ሲሸሽ ተሰምቶት ያውቃል። ስለዚህ የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፦ ፍጥነት የሚቀነሰውና ማርሽ የሚቀየረው ኩርባው ውስጥ ሳይገባ፣ መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ነዳጅ የሚሰጠው መውጫው ሲታይ። በኛ መንገድ ላይ ግን ከእሽቅድምድም መጽሐፍ ፈጽሞ የማይወሰድ አንድ ነገር አለ። ተወዳዳሪው ኩርባውን ለማቅናት የመንገዱን ሙሉ ስፋት ይጠቀማል፤ እኛ ዘንድ ግን የመንገዱ ግማሽ ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ ድርሻ ነው።

ከሁሉ በላይ መለማመድ የሚያስፈልገው ማቆም ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት፣ በዚያች ጊዜ ብቻ 25 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም 20 ሜትር ያህል ይጨምራል። ፍጥነቱ 100 ሲሆን ድምሩ ከ45 ሜትር ወደ 97 ግድም ይደርሳል። በዝናብ ደግሞ 140 ሊሞላ ይችላል። ፎገራ ላይ በሐምሌ ዝናብ 100 የሚነዳ ሰው ፊቱ የሚያየውን ሁሉ ጥሶ ካለፈ በኋላ ነው የሚቆመው ማለት ነው።

ፍሬን አረጋገጥም እንደ መኪናው ይለያያል። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በመኪና ላይ መገጠም የጀመረው ኤቢኤስ ያለው መኪና ላይ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ መያዝና መሪውን ወደ ነፃው ቦታ ማዞር ይቻላል። ፔዳሉ እግር ሥር ሲንቀጠቀጥ ብዙ ጀማሪ ተበላሸ ብሎ ይለቀዋል፤ መልቀቅ የለበትም። ኤቢኤስ የሌላት አሮጌ ኮሮላ ግን ጎማዋ ከታሰረ መሪ አትሰማም፤ ጎማው ሊታሰር ሲል ፍሬኑን ትንሽ ላላ አድርጎ እንደገና መያዝ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ ላይ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ሳያልፉ፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገብ አስቀምጦ መሞከር ይበቃል።

ቁልቁለት የራሱ ትምህርት ነው። ይህ አካባቢ በከባድ ጭነት ቁልቁለት መውረድን የሞከረው መኪና ሳይመጣ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ 7 ቶን ግድም የሚመዝነውን መድፋቸውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲወስዱ መንገዱን እያስጠረጉ ነበር፤ ዳገቱን መጎተት አንድ ነገር ነው፣ ገደሉ ላይ ይዞ ማቆየት ሌላ። የዛሬው ትልቁ ፈተና ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወይም ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ መኪናው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ 1,400 ሜትር ያህል ይወርዳል። 1,300 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት ከ50 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ነፋሱና የጎማው ግጭት ጥቂቱን ይወስዳሉ፤ የተረፈውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬኑ ሸራ። ነባር ሹፌሮች ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚሉት ለዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ የቆየ በሽታችን ነው፤ በዘመናዊ ሞተር ላይ ደግሞ ቁጠባውም የለም፣ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል።

እዚህ ላይ ጥገናው ይገባል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ ይሠራል፤ ውሃ ከጠገበ በኋላ የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ የጋለ ፍሬን ይህን ሲያልፍ ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉ ባዶ ይገባል፣ በማግስቱ «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ይወራል። ብዙ ጊዜ የተበጠሰ ነገር የለም። በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር ዘይት ሳይቀየር ቀርቶ ነው።

ታዲያ ይህን የሚያስተምር ማነው? የመንጃ ፈቃድ ነገር ዛሬ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው፤ ሠልጣኙ በማሰልጠኛ ተቋም የንድፈ ሐሳብና የተግባር ትምህርት ወስዶ ይፈተናል። በፈተናው ሜዳ ላይ የሚታየው ዳገት ላይ ማስነሳት፣ ወደ ኋላ መሄድ፣ ማቆም ነው። አስፈላጊ ነው፤ ግን ሁሉም በሰው እርምጃ ፍጥነት የሚሠራ ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍሬን ረግጦ የማያውቅ ሰው ፈቃድ ይዞ ይወጣል። የሚያስደንቀው፣ ከዚህ ጎን ለጎን የቆየና ማንም በወረቀት ያላሰፈረው ሌላ ትምህርት ቤት መኖሩ ነው፦ ረዳትነት። ረዳቱ በመጀመሪያ ጎማ ይመታል፣ ድምፁን ሰምቶ አየሩን ይለያል፤ ዘይት ይለካል፣ ውሃ ይሞላል፣ ክሪክ ሰቅሎ ስኮርታ ይቀይራል። ዓመት ሁለት ዓመት ሹፌሩ ማርሽ የት እንደሚቀንስ እያየ ይኖራል። ከዚያ ግቢ ውስጥ መኪናዋን ያንቀሳቅሳል። መሪ የሚይዘው ሁሉን ካየ በኋላ ነው። የዚህ መንገድ ጉድለት ግልጽ ነው፤ የሹፌሩን መጥፎ ልማድም አብሮ ይወርሳል፣ ጫት እየቃሙ ሌሊት መንዳትን ጨምሮ። ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል ነው፦ መጀመሪያ መኪናውን ማወቅ፣ ቀጥሎ መንዳት። የግል መኪና ገዝቶ በሦስተኛው ሳምንት ጎንደር ደርሶ ለመመለስ የሚያስብ ሰው ይህን ትምህርት ዘሎታል።

የመንሸራተት ስልጠና ቢጨመርለት ይሻላል የሚል አለ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ይህን እደግፍ ነበር። የኖርዌይ ተሞክሮ ግን ያስጠነቅቃል። አዲስ አሽከርካሪዎች በሚያንሸራትት ሜዳ ላይ መኪና መመለስን በግዴታ እንዲማሩ ተደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ውጤቱ ሲጠና በወጣት ወንዶች ዘንድ አደጋው ጨምሮ ተገኘ። ችሎታው ትንሽ፣ መተማመኑ ብዙ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሰሜን አውሮፓ አሰልጣኞች ተማሪው መኪናው ሲሸሽበት እንዲመልስ ከማስተማር ይልቅ፣ ምን ያህል ቶሎ እንደሚሸሽ በዓይኑ አይቶ እንዲጠነቀቅ ወደማድረግ አዘነበሉ። የእሽቅድምድም ጥበብ ለጀማሪ የሚጠቅመው በዚህ መልኩ ከተሰጠ ብቻ ይመስለኛል።

ወደ ጥገናው እንመለስ፤ ጀማሪ በገዛ እጁ ሊሠራው የሚችለው ከሚያስበው በላይ ነው። ጎማ ሲገዛ ጥርሱን ብቻ አይቶ የሚረካ ብዙ ነው። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ምልክት መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፦ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ፀሐይ ላይ የኖረ የአሥር ዓመት ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል፤ ዝናብ ላይ አይዝም። በብዙ አገር የጥርስ ዝቅተኛው ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለፎገራ ክረምት ግን ይህ ራሱ ያንሳል። አየር የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይግል ነው፣ ጎሚስታው ዘንድ ከመንገድ እንደገቡ አይደለም።

ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ግድም ከፍ ብሎ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚኖር መኪና ይህን ከፍታ በሁለት ነገር ይከፍላል። ተርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ጠባብ መንገድ ላይ አይሱዙ ለመቅደም የሚያስፈልገው ርቀት ሻጩ ከሚለው ይረዝማል። ሁለተኛ፣ ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ይዞ መፍላቱን የሚያዘገይ ዕቃ ነው፤ ላስቲኩ ያለቀ ርካሽ ክዳን ሳይቀየር ቀርቶ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጠለ መኪና በየጋራዡ ይታያል። ሞተር ሲግል ክዳኑን ወዲያው መክፈት ፊትን ያቃጥላል፤ መቆም፣ ማጥፋት፣ መጠበቅ ነው።

ዘይት ከፊልትሮው ጋር ይቀየራል፤ አቧራ በበዛበት መንገድ የአየር ፊልትሮው ከመጽሐፉ ቀድሞ ይመረመራል። ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጠውን የሚገዛ ሰው ቢያንስ በንጹሕ ጨርቅ ያጥልለው፤ ውሃና ኬሮሲን የተቀላቀለበትን ግን ጨርቅ አይለየውም፣ የናፍጣ ፖምፓ ዋጋ ደግሞ የታወቀ ነው። አሮጌ 5ኤል ሚኒባስ የሚገዛ ሰው ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ይጠይቅ፤ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ካልተለወጠ ሲበጠስ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። ፍሪስዮን ላይ እግር አሳርፎ የመንዳት ልማድም የቤተ ዘመድ መኪና ላይ ሳይቀር የሸራ ገንዘብ ያስወጣል።

ባጃጅን በአንድ አፍታ ማለፍ ይሻላል፦ ፊቷ አንድ ጎማ ስለሆነ ፍሬን ተይዞባት ስትታጠፍ ከመንሸራተቷ በፊት ትገለበጣለች። ባሕር ዳር ላይ ለሚማር ሰው ትልቁ ጉዳይ እሷን መንዳት ሳይሆን ከጎኗ መንዳት ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ሰፊው የዓባይ ድልድይ ላይ ሳይቀር ከየት እንደምትገባ አይታወቅም።

ከዚሁ ከ2016 ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በመከልከሉ ጀማሪው የሚገዛው መኪና ኤሌክትሪክ የመሆን ዕድሉ እየሰፋ ነው። የሞተር ዘይት የለውም፣ ካንዴላ የለውም፣ ፍሪስዮን የለውም፤ የረዳቱ ትምህርት ግማሹ ወደቀ ማለት ነው። ጎማውና የፍሬን ዘይቱ ግን አሉ፤ እንዲያውም ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናዋን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል፤ አሽከርካሪው ፍሬን ሳይነካ ብዙ ይወርዳል። አንድ ችግር አለ። ሙሉ ባትሪ ተጨማሪ አይቀበልም። ደጀን ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ያ መያዣ በመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ላይ ደክሞ ያገኘዋል፤ የ1,700 ኪሎ መኪና ክብደትም በሙሉ ወደ ፍሬኑ ይዞራል። በሰማንያና በዘጠና መቶኛ መካከል አቁሞ መነሳት ይበቃዋል፤ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት በነፃ ጨምሮ፣ ወደ ጎሃ ጽዮን የሚወጣበትን ይዞ ነው።