ከባለቤቱ ጭንቅላት ወደ መዝገብ፦ አነስተኛ ንግድ የርቀት ረዳት ከመቅጠሩ በፊት

የፎገራ ሩዝ፣ በጉና ተራራ ግርጌ የሚመረተው ድንችና ገብስ፣ እንዲሁም የደጋው ማር ከደቡብ ጎንደር የሚወጡት በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ነው፤ አንደኛው ከባሕር ዳር ተነሥቶ በወረታና ለጣራ ገዳም ቅርብ በሆነችው በአዲስ ዘመን በኩል ወደ ጎንደር የሚያልፈው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከወረታ አካባቢ ተገንጥሎ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ነው። ገዢና ሻጭ በእነዚህ መንገዶች ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው ይገበያዩ የነበሩበት ልማድ፣ በተለይ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ እየተለወጠ መጥቷል። ትእዛዙ በቴሌግራም ይመጣል፣ ክፍያው በስልክ ይገባል፣ ዕቃው ከመናኸሪያ ይጫናል፤ በዚህም የተነሣ የነጋዴው ቀን ቀድሞ በማያውቀው የመልእክትና የምዝገባ ሥራ ተሞልቷል።

ይህን ጫና ለማቃለል ከሚቻልባቸው ዘዴዎች አንዱ፣ በተለምዶ ቨርቹዋል አሲስታንት የሚባለውን የርቀት ረዳት መቅጠር ነው። የርቀት ረዳት ማለት በመደብሩ ሳይገኝ፣ ከቤቱ ወይም ከሌላ ከተማ ሆኖ፣ በስልክና በኮምፒውተር የደንበኞችን መልእክት የሚመልስ፣ ትእዛዝ የሚመዘግብ፣ የዋጋ ዝርዝር የሚያዘጋጅና የዕለቱን ሽያጭ ከገባው ክፍያ ጋር የሚያመሳክር ሠራተኛ ነው። በአገራችን አሠራር ጥቃቅን የሚባለው ድርጅት እስከ 5፣ አነስተኛ የሚባለው ደግሞ ከ6 እስከ 30 ሰዎች የሚሠሩበት በመሆኑ፣ በእነዚህ ቤቶች ባለቤቱ ራሱ ሻጭም፣ መዝጋቢም፣ ተላላኪም ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ረዳት መፈለጉ ተገቢ ቢሆንም፣ ቅጥሩ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው ገና ከመጀመሪያው ቀን በፊት ነው፤ ሥራው ያለው በባለቤቱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ በሩቅ ላለ ሰው የሚረከበው ነገር አይኖርምና። በመደብር ውስጥ የተቀጠረ ልጅ አይቶ ይማራል፤ የርቀት ረዳቱ ግን የተጻፈለትን ብቻ ያውቃል።

ለአብነት በቴሌግራም የመጣን አንድ የማር ትእዛዝ መመልከት ይበቃል። ከባሕር ዳር ያለ ደንበኛ «20 ኪሎ ነጭ ማር ይላክልኝ» ብሎ ሲጽፍ፣ ማሩ ከነሰፈፉ ነው ወይስ የተጣራ፣ የጀሪካኑ ክብደት ከ20 ኪሎው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም፣ ዋጋው ባለፈው ሳምንት የተነገረው ነው ወይስ የዛሬው፣ የጭነቱን የሚከፍለው ማን ነው፣ የሹፌሩ ስልክ ለማን ይላካል፣ ማሩ በመንገድ ቢፈስ ኪሳራው በማን ላይ ይወድቃል የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ በዚያች አጭር መልእክት ውስጥ ተሸፍነው አሉ። ልምድ ያለው ነጋዴ በአንድ ጥሪ ይጨርሳቸዋል። ረዳቱ ግን መልሳቸው ተጽፎ ካልተሰጠው፣ ወይ ለእያንዳንዱ ወደ ባለቤቱ ይደውላል፣ ወይ በግምት ይመልሳል፤ የመጀመሪያው ለባለቤቱ ጊዜ አያተርፍለትም፣ ሁለተኛው ደንበኛ ያሳጣዋል። በየፍርድ ቤቱ በር የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎችም ባለጉዳዩን አስቀድመው ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተከራካሪውን ስምና የሚጠይቀውን ዳኝነት የሚያናግሩት፣ እሱ ያልነገራቸውን ሊጽፉለት ስለማይችሉ ነው።

ስለዚህ የዝግጅቱ መጀመሪያ ደብተር ነው። ባለቤቱ ለሁለት ሳምንት ያህል በየዕለቱ የሚሠራውን፣ የፈጀበትን ጊዜና ሥራው በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ቢጽፍ፣ የትኛው ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ደብተሩ ራሱ ያሳየዋል። የሚደጋገም፣ በአንድ ገጽ ሊብራራ የሚችልና ስሕተት ቢገባበት በቀላሉ የሚታረም ሥራ ለረዳቱ ይሆናል። ዱቤ መስጠትና መከልከል ግን ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም፤ ዱቤ የተበዳሪውን ጠባይ፣ ቤተሰቡንና ያለፈ አከፋፈሉን በማወቅ ላይ የቆመ እምነት ስለሆነ በዝርዝር ተጽፎ የሚተላለፍ አይደለም። ደብተሩ ሞልቶም የሚደጋገም ሥራ ካልተገኘበት፣ ድርጅቱ ለጊዜው ረዳት አያስፈልገውም ማለት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የንግዱና የግሉ ነገር መለያየት አለበት። የዕድር መልእክት፣ የዘመድ ሰላምታና የደንበኛ ትእዛዝ በአንድ ስልክ የሚገቡበት ነጋዴ፣ ያንን ስልክ ለረዳት ሊያስረክብ አይችልም፤ ለንግዱ የተለየ ቁጥርና የተለየ የባንክ ሒሳብ መክፈት ይኖርበታል። የቴሌግራም ቻናል ባለቤት የራሱን የይለፍ ቃል ለማንም ሳይሰጥ ረዳቱን አስተዳዳሪ አድርጎ መሾምና መለጠፍ፣ ማረም ወይም መሰረዝ የመሳሰሉትን መብቶች ለይቶ መፍቀድ ይችላል። የቴሌብርና የባንክ የሚስጥር ቁጥር ግን በምንም ምክንያት ለረዳቱ አይሰጥም። ገንዘብ የተላከ የሚያስመስል የስልክ ምስልና መልእክት እየተዘጋጀ ብዙ ሻጮች የሚታለሉበት ጊዜ በመሆኑ፣ ረዳቱ የግብይት ቁጥሩን መዝግቦ እንዲያስተላልፍ፣ ባለቤቱ ደግሞ ገንዘቡ በእርግጥ መግባቱን ከሒሳቡ ሳያይ ዕቃ እንዳይጫን የሚያዝዝ ደንብ ከቅጥሩ በፊት መጻፍ አለበት። የደንበኞች ስም፣ ስልክና አድራሻ በረዳቱ እጅ የሚገባ በመሆኑም፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህን መረጃ በጥንቃቄ መያዝ የሕግም ግዴታ ሆኗል።

ስለ ውሉ ብዙዎች ሕጉ የርቀት ሥራን የማያውቅ ይመስላቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ሠራተኛው በቤቱ ወይም ራሱ በመረጠው ሌላ ቦታ፣ ያለ አሠሪው ቀጥተኛ ቁጥጥር እየሠራ የሚከፈልበትን ውል ለይቶ ያስቀምጣል፤ አሠሪውም የሠራተኛውን ስምና አድራሻ፣ የሥራውን ዓይነትና መጠን፣ የክፍያውን ልክና ሁኔታ የያዘ መዝገብ እንዲኖረው ያዝዛል። ረዳቱ በደመወዝ የሚቀጠር ከሆነ የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ይከተላል፤ መዋጮው ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። የራሱ ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለው ከሆነ ደግሞ አገልግሎቱን በደረሰኝ ይሸጣል። አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን የሚዘልቅ የሙከራ ጊዜ ስለሚፈቅድ፣ ይህን በጽሑፍ መያዝ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የሚቀጠር ሰው አይጠፋም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረ ወዲህ የከተማዋ ምሩቃን በዝተዋል፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠናም ኮምፒውተር የለመዱ ወጣቶችን አበርክቷል። ይሁንና ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ መፈተን ያለበት፣ አመልካቹ ለተቆጣ ደንበኛ በአክብሮት «እርስዎ» ብሎ ግልጽና ሥርዓት ያለው አማርኛ መጻፍ መቻሉ ነው።

በመጨረሻም መስመር የሚጠፋበት ቀን አብሮ ሊታሰብ ይገባል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱ፣ ትእዛዙን ሁሉ በኢንተርኔት ብቻ የሚይዝ ንግድ ምን ያህል እንደሚጋለጥ አሳይቷል። ረዳቱ ኢንተርኔት ባለበት ሌላ ከተማ ቢሆን፣ ትእዛዙን እዚያ ተቀብሎ በተቀጠረ ሰዓት፣ ለምሳሌ በየምሽቱ 1 ሰዓት፣ በመደበኛ ጥሪ ለመደብሩ ሊያነብ ይችላል፤ መደብሩም የደንበኛውን ስም፣ የዕቃውን ዓይነትና መጠን፣ የተከፈለበትን የግብይት ቁጥር በወረቀት መዝገብ እያሰፈረ በማግስቱ ጠዋት ጭነቱን ያወጣል።