ባለ ሦስት ጎማው ሕንዳዊ

ለገላን ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ባጃጅን ላስተዋውቅ ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስለት፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄቱን ጭኖ እስከ ብሎኩ ደረጃ የሚያመጣለት፣ ምጥ የያዛትን ሴት በእኩለ ሌሊት ጤና ጣቢያ የሚያደርስለት እሱ ነው። ይሁንና አብሮ መኖርና መተዋወቅ ለየቅል ናቸው። ይህን ባለ ሸራ ተሽከርካሪ የየት አገር ምን ዓይነት ፖለቲካ እንዳሳደገው፣ እዚህ ድረስ ምን እንዳመጣው፣ እየታገደ ለምን ተመልሶ እንደሚመጣ ጠይቀው የማያውቁ ተሳፋሪዎች ብዙ ናቸው። ለመጠየቅ ጊዜም አይሰጥም፤ ሁለተኛው እግር ሳይገባ ይነሳል።

ከአካሉ እንጀምር። ሞተሩ ከኋላ፣ ተሳፋሪው ከሚቀመጥበት ወንበር ሥር ነው። በክረምት ከታች የሚመጣው ሙቀት የሚጠላ አይደለም፤ በመጋቢት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያለው ሲሊንደር አንድ ብቻ ነው። ዛሬ በብዛት የምናየው ባለ አራት ስትሮክ ሞተር 200 ሲሲ አይሞላም፤ የቀድሞው ባለ ሁለት ስትሮክ ደግሞ 150 እንኳ አይደርስም ነበር፤ ቤንዚንና ዘይት ደባልቆ ስለሚያቃጥል በሄደበት ሁሉ ጭሱን ይጎትታል። መሪው እንደ ሞተር ሳይክል እጀታ ነው። ፍሪሲዮኑ በግራ እጅ ይጨበጣል፤ ማርሹም እዚያው ግራ እጀታ ላይ ስለሆነ እጀታውን በመጠምዘዝ ይቀየራል። ወደፊት የሚሄድበት አራት ማርሽ አለው፤ ወደኋላ አንድ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ63 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ነው። ስድስት ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ዞሮ ይመለሳል። በሁለት ብሎኮች መካከል ባለችው የኮብልስቶን መተላለፊያ፣ በአንድ በኩል የቆመ መኪና በሌላ በኩል የተሰጣ በርበሬ እያለ፣ ሚኒባስ የማይሞክረውን እሱ የሚደፍረው በዚህ ነው።

ፊት ላይ አንድ ጎማ ብቻ መኖሩ ዋጋውን ያረክሳል፣ ያቀለዋል፣ እንደ ልብ ያዞረዋል። ድክመቱም እዚያው ነው፤ ኩርባ ላይ ከፈጠነ ወይም ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ካጋደለ በጎኑ ለመተኛት አይዘገይም። የተሠራው ለአንድ ሹፌርና ለሦስት ተሳፋሪ ነው። የገላን ሹፌር ግን ሒሳቡን የሚሠራው በሌላ ስሌት ነው፤ አንድ ሰው በግራው፣ አንድ በቀኙ ይደርባል። ከዚያ ንግግሩ ይቀጥላል፦

«ማዘር፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።»

«ወዴት ልጠጋ ልጄ? ከዚህ ወዲያ ያለው እኮ መንገዱ ነው።»

ሁሉም ይስቃል። ሹፌሩም ይስቃል፤ ሰው ሳይጨምር ግን አይነሳም። ሹፌሩን መውቀስ ቀላል ነው። ብዙውን ጊዜ ባጃጁ የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስገባል፣ ቤንዚኑን ከኪሱ ይሞላል፣ ጎማ ቢፈነዳ ጣጣው የሱ ነው። የሱ እንጀራ ከዚህ ሁሉ የተረፈው ነው። በአራተኛና በአምስተኛ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ለኛ የጉልበት መጨናነቅ ቢሆንም ለሱ የምሳ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ትውልድ አገሩ። ዘሩን ብንቆጥር አያቱ ጣሊያናዊ ነው። ፒያጆ የተባለው ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አውሮፕላን ሠሪ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ በ1946 እ.ኤ.አ. ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ ከቬስፓ የተወለደውን ባለ ሦስት ጎማ «አፔ» አወጣ። የነደፋቸው መሐንዲስ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር ሰው ነበር። ሕንድ ውስጥ ፈቃዱን ወስዶ ማምረት የጀመረው የባጃጅ ቤተሰብ ነው፤ የፋብሪካው ከተማ ፑኔ ትባላለች። የቤተሰቡ አባት ጀምናላል ባጃጅ ለማኅተመ ጋንዲ እጅግ የቀረቡ ነጋዴ ነበሩ፤ ጋንዲ እንደ አምስተኛ ልጃቸው ይቆጥሯቸው ነበር። ገላን ላይ «ባጃጅ!» ብሎ የሚጣራ ሰው የነጻነት ትግል ደጋፊ የነበሩ ሰው ስም እየጠራ መሆኑ ትዝ አይለውም። ቼናይን መነሻው ያደረገው የቲቪኤስ ባለ ሦስት ጎማም አገራችን ሲገባ ያው ባጃጅ ተብሎ ቀርቷል፤ ተፎካካሪ በተፎካካሪው ስም ሲጠራ እንዲህ ነው።

ከነጻነት በኋላ ሕንድ ውስጥ ማን ምን ያህል እንደሚያመርት የሚወስነው መንግሥት ነበር። ፋብሪካው ፈላጊ ሞልቶት ሳለ ከተፈቀደለት ቁጥር በላይ ማምረት አይችልም ነበር። ከፒያጆ ጋር የነበረው ውል ካበቃ በኋላ በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ቼታክ» የተባለ ስኩተር ለመግዛት የተመዘገበ ሰው እስከ አሥር ዓመት ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ለኮንዶሚኒየም ቆጥቦ ዕጣ ሲጠብቅ ፀጉሩ የሸበተ አዲስ አበቤ ይህ እንዴት እንደሚያንገበግብ ማብራሪያ አያሻውም። የሚገርመው ዛሬ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ሕንዳውያን ያንን ዘመን በናፍቆት ማውሳታቸው ነው። አባት እየነዳ፣ እናት ከኋላ በጎን ተቀምጣ፣ አንዱ ልጅ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ሌላው በመሐል ተሸጉጦ የሚሄዱበት ስኩተር የመካከለኛው መደብ የቤተሰብ ፎቶ ሆኖ ቀርቷል። «ሃማራ ባጃጅ» (የኛ ባጃጅ) የሚለው የ1989 የቴሌቪዥን ማስታወቂያም በዚህ ስሜት ላይ የተሠራ ነበር። ኩባንያው በኋላ ስኩተር ማምረቱን ተወው፤ በ2020 ግን ቼታክን በኤሌክትሪክ መልሶ አመጣው። ናፍቆት ገበያ እንዳለው ያውቃላ!

ባለ ሦስት ጎማው ግን ከሳሎን ናፍቆት ይልቅ የአደባባይ ፖለቲካ ነው። ሙምባይ ውስጥ ወደ ደቡቡ የከተማዋ እምብርት መግባት አይፈቀድለትም፤ ባንኮቹና ትልልቆቹ ሆቴሎች ያሉበትን ክፍል ለታክሲ ትቶ በዳርቻ ሰፈሮች ይሠራል። ዴልሂ ውስጥ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቁጥራቸውን ገድቦ ኖሮ በ2011 እ.ኤ.አ. ጣሪያውን ወደ 100,000 ከፍ አደረገው። ይህን ያህል ሹፌር ቀኑን ሙሉ ከመራጭ ጋር ሲያወራ የሚውልበትን ከተማ ፖለቲከኛ አይረሳም። አርቪንድ ኬጅሪዋል የመሠረቱት አዲስ ፓርቲ በ2013 ለዴልሂ ምርጫ ሲወዳደር በጀቱ ትንሽ ነበርና ማስታወቂያውን የለጠፈው በባጃጆች ጀርባ ላይ ነው፤ ከ70 ወንበር 28ቱን ወሰደ፣ በ2015 ደግሞ 67ቱን። በማሃራሽትራ ክፍለ ግዛት ሦስት ፓርቲዎች ተጣምረው መንግሥት ሲመሠርቱ ተቃዋሚዎቹ «የባለ ሦስት ጎማ መንግሥት» እያሉ ተሳለቁበት። ያ መንግሥት በ2022 ሲወድቅ ሥልጣኑን የያዙት ኤክናት ሺንዴ በወጣትነታቸው ታኔ በምትባል ከተማ ባለ ሦስት ጎማ ይነዱ የነበሩ ሰው ናቸው። በዚህ ሊያሸማቅቋቸው ለሞከሩት ባላንጣቸው የመለሱላቸው ባጃጁ መርሰዲሱን ቀደመው በሚል መንፈስ ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ሕንድ ለሰፈራችን ለአቃቂ እንግዳ አይደለችም። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሕንዱ ባለሀብት የቢርላ ቤተሰብ ከአገሩ ውጭ ካቋቋማቸው ፋብሪካዎች ቀዳሚው የአቃቂው «ኢንዶ ኢትዮጵያ» ጨርቃ ጨርቅ ነበር። በየክፍለ ሀገሩ ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩ ሕንዳውያን መምህራንን፣ በየሲኒማ ቤቱ ሦስት ሰዓት የሚያስለቅሱ የሕንድ ፊልሞችን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ባጃጅ ከነዚህ ሁሉ ዘግይቶ መጣ፤ መጀመሪያ የተንሰራፋውም በክልል ከተሞች ነው። ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር ላይ ጋሪን ከመንገድ አስወጣ። የአቃቂ ሰዎችም የጋሪውን ኮቴ የሚናፍቁበት ጊዜ አለ፤ ፈረሱ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ሲገረፍ ያየ ሰው ግን ናፍቆቱን በልኩ ቢያደርገው ይሻላል።

አዲስ አበባ ባጃጅን የተቀበለችው በጓሮ በር ነው። ከተማዋ ቤት ስትሠራ ወደ ዳር ወጣች፤ መንገዱና አውቶቡሱ ግን አልተከተሏትም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያበቃል። የአዳማው ፈጣን መንገድ ቱሉ ዲምቱ ላይ ይጀምራል፤ ለባጃጅ ግን ክልክል ነው። በሁለቱ መካከልና ዙሪያ የተዘራው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ከሚኒባሱ መውረጃ እስከ ብሎኩ ያለውን ርቀት በእግሩ ወይ በባጃጅ ይወጣዋል። ወደዚህ ወገን የሚመጣው ሰው ደግሞ እየጨመረ ነው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከመሐል ከተማ ከተነሱት የካሳንቺስ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የገቡት እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ጉራ ነው። ካሳንቺስ የኖረ ሰው ዳቦውን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ መስጊዱን፣ ዕድሩን በእግሩ ያዳርስ ነበር። አሁን ቤቱ አዲስ ነው፣ መጸዳጃው በራስ ነው፤ ለቅሶ ለመድረስ ግን ሦስት ጊዜ መሳፈር አለ። «እዚያ ቤት አልነበረንም፣ ሰፈር ነበረን» የሚል ቁጭት በባጃጅ ወንበር ላይ አዘውትሮ ይሰማል። እኔ ቁጭቱን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም፤ ጣሪያው የሚያፈሰውን የቀበሌ ቤት በናፍቆት ማስዋብ ያለ ነገር ነው። የመጓጓዣው ነገር ግን ናፍቆት አይደለም፤ በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ ሒሳብ ነው።

ሌላው የገላን ጣጣ ድንበር ነው። ኮንዶሚኒየሙ የአዲስ አበባ ሲሆን፣ ጎረቤቱ የገላን ከተማ ደግሞ በኦሮሚያ ሥር ሆኖ ኋላ በሸገር ከተማ ተጠቃልሏል። በነሐሴ 2014 ከተማ አስተዳደሩና ክልሉ በወሰናቸው ላይ መስማማታቸውን ይፋ ቢያደርጉም ባጃጅ ወሰኑን በካርታ አይደለም የሚያውቀው፣ በታርጋው ነው። «አአ» እና «ኦሮ» ተብሎ በተጻፈ ቆርቆሮ ምክንያት አንድ ጎዳና ሁለት አገር የሚሆንበት ቀን አለ። ተሳፋሪው አንዱ ጋ ወርዶ፣ ጥቂት እርምጃ ተራምዶ፣ ሌላው ላይ ይወጣል። ጎማውና ሸራው አንድ ነው፤ የሚፈራው ትራፊክ ግን ይለያያል።

በየካቲት 2015 መጨረሻ የአዲስ አበባ ትራንስፖርት ቢሮ ባጃጅ ላልተወሰነ ጊዜ እንዳይሠራ አገደ። ሥርዓት ለማስያዝ ነው ተባለ። ሥርዓት አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ያለ መብራት፣ በተቃራኒ አቅጣጫ የመጣ ባጃጅ አጋጥሞት አያውቅም ማለት ነው። ዳሩ ግን እገዳው ሌላም ነገር አሳየ። የዳር ሰፈር ሰው ማልዶ በእግሩ ተሰለፈ፤ አቅመ ደካሞች ቤት ዋሉ፤ ሸቀጥ በጀርባ ተመለሰ። ከዚያ ተመዝግባችሁ፣ በማኅበር ታቅፋችሁ፣ በተመደበላችሁ መስመር ብቻ እየተባለ ተመለሱ። ዋናው አስፋልት አሁንም የነሱ አይደለም። ልክ እንደ ሙምባይ፣ እምብርቱ ለሌላ፣ ዳሩ ለባጃጅ። እንደኔ ግን የጥፋቱ ምንጭ ሹፌሩ ብቻ አይደለም፤ በከተማዋ ዕቅድ ውስጥ ባጃጅ እንደ መጓጓዣ የተጻፈበት ገጽ ስለሌለ ሁልጊዜ በመመሪያ ይገባል፣ በመመሪያ ይወጣል። በሰሜን የአገሪቱ ከተሞች ደግሞ ፀጥታ ሲደፈርስ ከሁሉ ቀድሞ የሰዓት ገደብ የሚጣልበት እሱ ነው።

ቀጣዩ ጣጣ ኤሌክትሪክ ነው። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካሳወቀ ወዲህ ስለ ባትሪ የማያወራ ሹፌር የለም፤ ድምፅ የሌላቸው ባለ ሦስት ጎማዎችም በከተማዋ ብቅ ብቅ እያሉ ነው። ሕንድ በዚህ መንገድ ቀድማ አልፋለች። የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. የባትሪ ባለ ሦስት ጎማዎችን ከመንገድ አገደ፤ የከተማዋ ምርጫ ሲቃረብ በጥር 2015 እ.ኤ.አ. በአዋጅ ተፈቀዱ፣ ብዙም ሳይቆይ ፓርላማው ሕጉን አሻሻለላቸው።

ገላን ላይ የሚነሳው ጥያቄ ከዚህ አነስ ያለና የበለጠ የሚያጨቃጭቅ ነው፤ ባትሪው ሌሊት የሚሞላው የት ነው? አራተኛ ፎቅ ተከራይቶ የሚኖር ሹፌር ገመድ በመስኮት ቁልቁል ማውረድ አይችልም፤ ብሎኩ ሥር ያለው ደግሞ የደረጃውን አምፖል የሚያበራው የጋራ ቆጣሪ ነው። የአንድ አምፖል ሒሳብ ለመክፈል በየወሩ የሚጨቃጨቅ ብሎክ የባጃጅ ባትሪ እንዲሰካበት ሲጠየቅ ምን እንደሚል፣ የማኅበር ስብሰባ ላይ አንድ ጊዜ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ያውቃል።